ለበልግ እረፍት ከጅማ ወደ ተራራው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሴሚስተር እረፍት ሲደርስ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ጅማ ውስጥ «የት እንሂድ?» የማይል የለም። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ አበባን ወይም ሐዋሳን ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው። እረፍታችሁ አጭር ከሆነ በመኪና ውስጥ አትጨርሱት። ተራራውም ደኑም ፏፏቴውም ከጅማ የሁለት የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነው ያለው። ከዚህ በታች ጓደኞችና ተማሪዎች ቶሎ ቶሎ የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀምጫለሁ።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ካሉት ሳምንታት የትኛው ይሻላል?

የቀን መቁጠሪያውን ከማየታችሁ በፊት ዝናቡን ተመልከቱ። በእኛ አካባቢ ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የበልጉ ዝናብ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ይጀምርና እየጠነከረ ሄዶ ከክረምቱ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በየካቲት የሚሄድ ሰው ደረቅ መንገድና አቧራ ይጠብቀዋል። በሚያዝያ የሚሄድ ደግሞ አረንጓዴ ተራራና ጭቃ ያገኛል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የቡና አበባ ሰሞን ነው። ቡና ደርቆ ከከረመ በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥልለት ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያብባል። ጫካው ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ሽታው እንደ ጃስሚን ነው፤ መኪና ውስጥ ሆናችሁ መስኮት ስትከፍቱ ይገባል። ችግሩ አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። በቀን ቀጥራችሁ የምታገኙት ነገር አይደለም። ሸቤ ወይም ጌራ ወይም ቦንጋ ዘመድ ካላችሁ «ዝናብ ጣለ ወይ?» ብላችሁ ደውሉ። ጣለ ካሏችሁ ቀጣዩን ቅዳሜና እሁድ ለዚህ ያዙት።

ለቤተሰብ ጉዞ ደግሞ ከፋሲካ እስከ ዳግም ትንሣኤ ያለው ሳምንት ጥሩ ነው። ጾሙ ተፈትቷል፣ ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል፣ የበዓሉ የትራንስፖርት ግርግርም ቀዝቅዟል። ከስቅለት እስከ ፋሲካ ዕለት ባሉት ቀናት መንገድ ላይ ባትሆኑ ይመረጣል። መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ ሰው በእጥፍ ዋጋ ይሳፈራል፣ በዕለቱ ደግሞ መኪና እንደ ልብ አይገኝም።

ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን። ወዴት እንሂድ?

ቦንጋ። ከጅማ ወደ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ መንገዱ ራሱም ግማሽ ጉብኝት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከጅማ ውጡ። ሸቤ ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ የበለጤን ደን ያቋርጣል። እዚህ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ያሳዝነኛል። ትልልቅ ዛፎች ከላይ ተጋጥመው መንገዱን ያጨልሙታል፣ ከሥራቸው ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና በቅሏል። ጥቁርና ነጭ ፀጉር ያለው ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ለማየት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ዝም ብትሉ ይበቃል። በጠዋት መሄድን የምመክረውም ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ እንስሳቱ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ከሸቤ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ ሲለወጥ በቆዳችሁ ታውቁታላችሁ። ጎጀብ የኦሞ ገባር ነው፣ የጅማንና የካፋን አገርም ይለያል። ድልድዩን ተሻግራችሁ እንደገና ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ ቦንጋም እዚያው ዳገት ላይ ትጠብቃችኋለች። ከተማዋ ራሷ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ከየትም ቆማችሁ ብታዩ ደን ይታያችኋል።

ሁለተኛው ቀን የእግር ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በቦንጋ ዙሪያ የባርታ ፏፏቴ አለ። ውኃ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው የእግዜር ድልድይም አለ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አያለሁ ብላችሁ አትሩጡ። አንዱን መርጣችሁ ቀኑን ሙሉ ስጡት። እኔ ፏፏቴውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ወደ እሱ የሚወስደው የጫካ መንገድ ከፏፏቴው አያንስም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ እስከ ውሽውሽ ሂዱ። የሻይ ተክሉ ኮረብታውን በሙሉ አልብሶታል። ከዚያ ተመልሳችሁ ምሳ ቦንጋ፣ እራት ቤታችሁ።

አንድ ቀን ብቻ ቢኖረንስ?

ያኔ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በለጤ ደርሶ መመለስ ነው። ሁለተኛው ጂሬን ነው። ጂሬን ከከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በባጃጅም ይወጣል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። የእንጨት ሥራውን ቀስ ብላችሁ እዩት። ከዚያ ወጥታችሁ ጅማን ከላይ ወደ ታች ተመልከቷት። ጅማ ተወልደው አድገው አንድም ቀን ጂሬን ያልወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ልጆቻችሁ እንደዚያ ባይሆኑ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ ምርጫ የምትሉ ካላችሁ አጋሮ አለ። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች። የካፋ ሰዎች ደግሞ ማኪራ ነው ይላሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትቼ ሁለቱም ጋ ቡና መጠጣትን እመክራለሁ።

እኛ የምንፈልገው ደን ሳይሆን እውነተኛ ተራራ መውጣት ነው። የት ይገኛል?

የየም ሕዝብ ወደሚኖርበት አካባቢ፣ ወደ የም ሂዱ። በአዲስ አበባ መንገድ ሳጃ ከተማ ላይ ትወርዱና ከዚያ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። የቦር ተራራ ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። የየም ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ለባህል መድኃኒት የሚሆኑ ዕፅዋትን የሚለቅመው እዚህ ነው። በበልግ ስትሄዱ ሥነ ሥርዓቱን አታገኙም፣ ተራራውን ግን ታገኛላችሁ።

ልብ በሉ፣ ጅማ ያለችው በ1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወደ 2,900 ስትወጡ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጨመራችሁ ማለት ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጅማ በቲሸርት የወጣ ሰው ጫፉ ላይ ጃኬት ይለምናል። ትንፋሽም ያጥራል። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውኃ ጠጡ። ከ2,500 ሜትር በላይ አንዳንድ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይሰማዋል። ከባሰበት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ወደ ታች መውረድ።

ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ብንሄድስ?

ሁለቱም ድንቅ ናቸው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የባሌ ተራሮች ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ግን ሒሳቡን ሥሩት። ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ባሌ ውስጥ ያለችው ሮቤ ከተማ ለመድረስ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመራል። ለመሄድ ሁለት ቀን፣ ለመመለስ ሁለት ቀን ካጠፋችሁ ከአንድ ሳምንት እረፍት ምን ይተርፋል? ደግሞ የባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ሰውነታችሁ እስኪለምደው እረፍቱ ያልቃል። አስር ቀንና ከዚያ በላይ ካላችሁ ሂዱ፣ አትጸጸቱም። ለአምስት ቀን ግን አልመክርም።

ሰፋ ያለ ጊዜ ላለው ሰው ሌላም መንገድ አለ። ከጅማ በጭዳ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ በኮንታና በዳውሮ ተራሮች መካከል ያልፋል። የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆኖች በዚያ በኩል ናቸው። የሃላላ ኬላ ሪዞርትም ዳውሮ ውስጥ ነው፤ ዋጋው ግን የተማሪ ኪስ አያገናዝብም።

በምን እንሂድ?

ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ያዙ። በጠዋት ድረሱ፤ መኪናው ሞልቶ ነው የሚወጣው። የዚህ ጉድለት በለጤ ላይ መቆም አለመቻላችሁ ነው። ከ10 እስከ 12 ሰው ከሆናችሁ ግን ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ይሻላል። ለሰው ሲካፈል ያን ያህል አይከብድም፣ ማቆሚያውንም እናንተ ትወስናላችሁ። ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ነዳጅ በጣም በሚጠፋበት ሰሞን ሾፌሩ ሳይሞላ እንዳትነሱ።

በማታ አትጓዙ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጉም ይወርዳል፣ ከብት መንገድ ላይ ይተኛል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ጠይቁ። በየቀኑ የሚመላለሱት ሾፌሮች ከማንም በተሻለ ያውቃሉ። «ዛሬ አትሂዱ» ካሉ አትሂዱ።

ዝናብ ቢይዘንስ?

ይይዛችኋል። በበልግ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የእግር ጉዞውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጨርሱ። የእኛ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር ቤት ይቅር። ጎርፍ ያለበትን ወንዝ «ጥልቀቱ ትንሽ ነው» ብላችሁ አትሻገሩ፤ ላይ አገር የዘነበው ውኃ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ይደርሳል።

ምን እንልበስ? ምን እንያዝ?

ረጅም ሱሪና ረጅም ካልሲ ከምንም በላይ ያስፈልጋሉ። ጫካው ውስጥ ሳማ አለ፣ ገብረ ጉንዳንም አለ። ሱሪያችሁን ካልሲው ውስጥ ክተቱት። የገብረ ጉንዳን ሰልፍ ካጋጠማችሁ በላዩ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ዘላችሁ እለፉት። ከዚህ ሌላ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ እሱን። ስልክ ጫካ ውስጥ ሲግናል ያጣል፤ ስለዚህ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ተናግራችሁ ውጡ።

ጥሬ ብርም ያዙ። ከተማ ውስጥ ቴሌብርም ባንክም ይሠራል። ገጠር ግን ማር የምትሸጥላችሁ እናት ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቁም።

ወባ ያሰጋል?

አዎ። ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገው የሚያልፉት ሰዎች ያስጨንቁኛል። «ደጋ ነው የምንሄደው» ይላሉ፤ ግን መንገዱ በጎጀብና በጊቤ ሸለቆዎች ያልፋል። ጅማና ቦንጋም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፣ ወባ ከማያገኘው ከፍታ ላይ አይደሉም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ትንኙ ይበዛል። በሸለቆው ውስጥ አትደሩ። አልጋ ስትይዙ አጎበር እንዳለው እዩ፣ ከሌለው የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ።

በጉዞ ላይ ድንገት ሕመም ቢያጋጥም ቦንጋ ውስጥ ገብረ ጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ከባድ ከሆነ የአካባቢው ሁሉ ሪፈራል የሚላከው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው።

ጓደኛሞቹ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነን። ምግብ እንዴት ይሁን?

ጅማ ያደገ ሰው ይህን ያውቅበታል። ስጋ ቤቱን ጠይቃችሁ ለየብቻ ታዛላችሁ፣ አንድ ላይ ትቀመጣላችሁ። ወደ ቦንጋ ስትሄዱ ግን የሙስሊም ምግብ ቤት እንደ ጅማ በየመንገዱ ስለማይገኝ ከመሄዳችሁ በፊት የት እንዳለ አጣሩ። በሁዳዴ ከሄዳችሁ ሽሮና በያይነቱ ለሁላችሁም ስለሚሆን ነገሩ ይቀላል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ የእግር ጉዞውን አሳጥሩት፤ የሚጾም ጓደኛችሁን ዳገት ላይ ውኃ አጠገብ አታስጨንቁት። ለማፍጠሪያ ተምርና ውኃ መኪና ውስጥ ይኑር።

ካፋ ስትደርሱ ቆጮ ካገኛችሁ ቅመሱ።

አስጎብኚ የግድ ነው?

ደን ውስጥ ለመግባት፣ አዎ። ካፋ ውስጥ ጭጋግ ሲወርድ ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት ይመስላል። ቦንጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ። መግቢያ የሚከፈልበትን ቦታ ይነግሯችኋል፣ ደኑን የሚያውቅ ወጣትም ያገናኟችኋል። ዋጋውን ተነጋገሩ፣ ግን እስከ ሳንቲም አትከራከሩ። ደኑ ዛሬ ድረስ የቆየው እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ስለጠበቁት ነው። እንግዳ መጥቶ ፎቶ አንስቶ፣ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሎ ቢሄድ ምን ይጠቅማቸዋል? የገባው ብር ለእነሱ ሲደርስ ነው ዛፉ ቆሞ መኖሩ ትርጉም የሚሰጣቸው።

ባለቤት የሌለው የሚመስል ቡናም ባለቤት አለው። አበባውን አትቁረጡ፤ አንድ አበባ አንድ የቡና ፍሬ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ካያችሁ ራቁ። ሽቶ ተቀብታችሁ ከቀፎ ሥር አትቁሙ።

ልጆች ይዘን መሄድ እንችላለን?

በደንብ። የጎጀብ ጠመዝማዛ ግን ልጆችን ያስመልሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ከባድ ቁርስ አትስጧቸው። ከፊት አስቀምጧቸው፣ ስልክ አታስይዟቸው፣ መስኮት ክፈቱ። የዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ መያዝም ይረዳል። ለትንንሾቹ ከእግር ጉዞው ይልቅ በለጤና ውሽውሽ ይበቃሉ።

ስንት ብር ይፈጃል?

ዋጋ በየወሩ ስለሚለወጥ ቁጥር አልሰጥም፤ አሠራሩን ልንገራችሁ። ትራንስፖርት፣ ሁለት አዳር፣ የሦስት ቀን ምግብ፣ የአስጎብኚና የመግቢያ ክፍያ ደምሩ። ከዚያ በላይ የድምሩን ሩብ ለመጠባበቂያ ጨምሩ። ተማሪዎች ብዙ የሚያድኑት አልጋ ላይ ነው። ሁለት ለአንድ ክፍል ያዙ፣ ከበዓል ሰሞን በፊት ደውላችሁ አስይዙ። ምግብ ላይ አትቆጥቡ።

ምን ይዘን እንመለስ?

ማር፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ። ጥምዝ ከጫካ የሚለቀም ቅመም ነው፤ እናቶቻችሁ ለበርበሬና ለቅቤ ይፈልጉታል። ማሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። የካፋ ነጭ ማር ንቦቹ ከገተም ዛፍ አበባ የሚሠሩት ነው። ገተም የሚያብበው በበልግ ስለሆነ አዲሱ ነጭ ማር የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ ከግንቦት ጀምሮ ነው። በመጋቢት «የዘንድሮ ነጭ ማር» የሚሏችሁን ጠይቁ፣ የአምናው ሊሆን ይችላል። የአምናው ማር መጥፎ አይደለም፤ ዋጋው ግን የአምና መሆን አለበት። ከገበያ ከምትገዙ ከንብ አርቢው ወይም ከማኅበሩ ብትገዙ ስኳር የመቀላቀሉ ሥጋት ይቀንሳል። ክዳኑ የሚጠብቅ የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ በፌስታል የተቋጠረ ማር የጎጀብን ጠመዝማዛ አይችልም።